ዜሮ ቶለራንስ፦ ዕፅና ክኒን በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ቶለራንስ» የሚባለው ደንብ አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪ ዕፅ ይዞ ከተገኘ ቅጣቱ አስቀድሞ ተጽፏል። መጠኑ፣ ምክንያቱ፣ የልጁ የቀድሞ ጠባይ አይታይም። ለተወሰኑ ቀናት ይታገዳል፤ ካልሆነም ጨርሶ ይባረራል።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤት ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በሬጋን ዘመን፣ የአሜሪካ ጉምሩክ ጥቂት ማሪዋና የተገኘበትን ጀልባ ሳይቀር ይወርስ ነበር። በ1994 ኮንግረስ ጠመንጃ ይዞ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የሚገርመው፣ ያ ሕግ እንኳ የትምህርት ኃላፊው እንደየጉዳዩ ቅጣቱን እንዲያሻሽል ይፈቅዳል። ብዙ የትምህርት አስተዳደሮች ግን ጥብቅነቱን ብቻ ወስደው ወደ ዕፅ፣ አልኮልና ጠብ አሰፉት።

ደጋፊዎቹ ምክንያት አላቸው። ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ከሆነ ርዕሰ መምህሩ «ለእገሌ አዳላ» አይባልም። ችግሩ ያለው «ዕፅ» በሚለው ትርጉም ላይ ነው። በብዙ ቦታ ኮኬይን ብቻ ሳይሆን ሐኪም ያዘዘውም ሆነ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው መድኃኒት፣ ያለ ፈቃድ ከተያዘ ክልክል ነው።

በ2003 በአሪዞና፣ ሳፎርድ ከተማ፣ አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ አይቡፕሮፌን ይዛለች ተብላ ተጠረጠረች። ያው ለራስ ምታት የምንውጠው ክኒን ነው፤ ባለ 400 ሚሊግራሙ። ቦርሳዋ ተበረበረ፣ ምንም የለም። ከዚያ ነርሷ ቢሮ ወስደው ልብሷን አስወለቋት። የውስጥ ልብሷን ሳይቀር እንድታራግፍ አዘዟት። አሁንም ምንም የለም። እናቷ ከሰሱ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ፍተሻው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ክኒን የሚከለክለው ደንብ ግን አልተነካም። ፈታሾቹም በግል ተጠያቂ አልሆኑም።

ይኸው ፍርድ ቤት ቀደም ሲል በ1995 ስፖርተኛ ተማሪዎች፣ በ2002 ደግሞ በክበባት የሚሳተፉ ሁሉ፣ ምንም ሳይጠረጠሩ የሽንት ምርመራ እንዲደረግላቸው ፈቅዷል።

ውጤቱስ? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን በ2006 ደንቡ ትምህርት ቤቶችን የበለጠ ሰላማዊ ማድረጉን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚታገዱ የመንግሥት መረጃ አሳይቷል። «ለሁሉም እኩል» የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው። በ2014 የኦባማ መንግሥት እገዳን እንዲቀንሱ ለትምህርት ቤቶች መመሪያ ላከ፤ በ2018 የትራምፕ መንግሥት ሻረው።

እዚያ ልጅ ለሚያሳድጉ አበሾች ሁለት ነገር ልጨምር። ልጅ ራሱን ሲያመው ኪሱ ክኒን ከትቶ መላክ አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ከነወረቀቱ ለነርሷ ይሰጣል። ጫት ደግሞ አገር ቤት በየመንገዱ ቢሸጥም፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተቀምጧል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ከመታገዱ በፊት የተከሰሰበትን የመስማትና ቃሉን የመስጠት መብት አለው። ይህ በ1975 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናው ወላጅም ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያውም የትምህርት ቤቱ ነው።