አልጋ የሌለው፣ ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሞዴል አሠራር

ጋቢናው ከሞተሩ ኋላ ሳይሆን ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ የጭነት መኪና ፊቱ ሜዳ ነው፣ አፍንጫ የለውም። ሞተሩን ለመንካት ጋቢናው እንዳለ ወደ ፊት ይገለበጣል። ከዚህ ዓይነት መኪና መካከል ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አልጋ የሌለው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሥራ የተሠራው አጭር ጋቢና ነው። ለሞዴል ሠሪ «ትንሽ ስለሆነ ይቀላል» የሚለው ግምት ያሳስታል። ጋቢናው ባጠረ ቁጥር ከኋላው ያለው ሻንሲ ይገለጣል፤ የአልጋው ክፍል ሸፍኖት የነበረው የአየር ቱቦ፣ ባትሪና ካምቢዮ ሁሉ ዓይን ይገባል።

የፕላስቲክ ኪቶች (በሳጥን የሚመጡ ተገጣጣሚ ሞዴሎች) የተለመዱ ልኬቶች 1/24 እና 1/25 ናቸው። ሞዴል አምራቹ ኢታሌሪ የአውሮፓን መኪኖች በ1/24 ያወጣል፤ ሌላው አምራች ኤኤምቲ ደግሞ የአሜሪካን በ1/25። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል እንጂ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው መኪና በ1/24 104 ሚሊሜትር፣ በ1/25 ደግሞ 100 ሚሊሜትር ይሆናል። የአንዱን ጋቢና በሌላው ሻንሲ ላይ የጫነ ሰው ስህተቱን የሚያየው ጎማዎቹ ከጭቃ መከላከያው ሲወጡ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ቅርጽ የገነነው ክፍለ ግዛቶች የመኪናና የተሳቢን ጠቅላላ ርዝመት ይገድቡ ስለነበር ነው። ከጋቢናው የተቀነሰው ርዝመት ለጭነት ይተርፍ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ በዋና መንገዶች ላይ ያንን ገደብ ሲያነሳ አፍንጫ ያለው መኪና ተመልሶ ገባ። አውሮፓ ግን ጎታችና ተሳቢውን በ16.5 ሜትር ስለምትገድብ ቅርጹ እስከ ዛሬ አለ። ከሳጥኑ እንደወጣ አጭር ጋቢና የሚሆን ኪት ለሚፈልግ ኤኤምቲ ያወጣው ፎርድ ሲ ጥሩ መነሻ ነው፤ እውነተኛው መኪና ከ1957 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የተመረተ ነው። አብዛኞቹ የአውሮፓ ኪቶች ግን ባለ አልጋ ስለሆኑ መቁረጥ ግድ ይላል።

መርሴዲስ አክትሮስን እንውሰድ። የረጅሙ ጋቢና ርዝመት 2300 ሚሊሜትር፣ የአጭሩ 1700 ነው፤ በ1/24 የሚቆረጠው 25 ሚሊሜትር ይሆናል። ልኬቱ ከበሩ የኋላ ጠርዝ ይነሳ እንጂ ከጋቢናው ጀርባ አይነሳ፤ ጀርባው ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሚያዘነብል መስመሩ ይጣመማል። ከመቁረጥ በፊት በውስጥ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ የ2 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ዘንግ ይለጠፋል። ያለዚህ ጣሪያው እንደተቆረጠ ጎንና ጎኑ ይከፈትና በሩም ሆነ መስታወቱ አይገጥምም። በቀጭን መጋዝ ሲቆረጥ ከመስመሩ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ተርፎ ቀሪው በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የመጀመሪያው የኋላ ግድግዳ መጣል የለበትም፤ የማዕዘኖቹ ክብነት ከጋቢናው ጋር የሚገጥመው እሱ ብቻ ነው። የኋላ መስኮት ካለው በመስኮቱ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ቀዳዳ ተበስቶ መካከሉ በምላጭ ይወጣል።

የኋላው ግድግዳ ከተቆረጠው ጋቢና ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ከውስጥ የ1 ሚሊሜትር ንጣፍ ይደግፈዋል። ክፍተቱን በስቱኮ ከመሙላት ሱፐር ግሉ ይሻላል፤ ስቱኮ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተነነ ለሳምንታት ስለሚኮማተር ቀለም ከተቀባ በኋላ መስመሩ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ከዚያ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር ወረቀት በውሃ። ግራጫ ፕራይመር (የመነሻ ቀለም) ሳይነፉ «አልቋል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጋቢናው ሲያጥር የውስጡ የሞተር ክዳንና ወለሉም በዚያው ልክ ያጥራሉ፤ ጋቢናው ከኋላ የሚያርፍበት መደገፊያም ወደ ፊት ይመጣል። ሻንሲውም ማጠር ካለበት ሁለቱ ቁመታዊ ብረቶች (በሞዴሉ ፕላስቲክ ናቸው) እኩል ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ባይቆረጡ መልካም ነው። የደረጃ ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ ቀጥ እንዳለ ይጸናል፤ ቀጥ ያለው ግን በክብደት ይሰበራል። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ዘንግ በዚያው መጠን ያጥራል፤ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ወይ ይሸጋሸጋል ወይ በአጭር ይተካል። የፊት ጎማው ቦታ ግን አይነካም፤ ከበሩ ሥር ነው። ሻንሲው በወፍራም መስታወት ላይ ተቀምጦ ጎማዎቹ ሁሉ ካልነኩ ብረቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በእጅ ይቀናል።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጋቢናው የሚገለበጥበት ማጠፊያ ነው። 1 ሚሊሜትር የነሐስ ዘንግ በነሐስ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ቦታውም ከፊት፣ ዝቅ ብሎ፣ ከፓራውልቱ (ከፊተኛው የግጭት መከላከያ) በላይ ነው። 2 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ከሄደ ጋቢናው ሲገለበጥ የፍርግርጉ የታች ጠርዝ ፓራውልቱን ይነክሳል። ሙከራው ከቀለም በፊት ይደረግ፤ ቀለሙ ራሱ ውፍረት ስላለው ጠባብ ክፍተት የመጨረሻው ሽፋን ሲደርቅ ይጣበቃል፣ ሲገለበጥም ይላጣል።

ክሮም የተቀቡ ክፍሎች የሚጣበቁበት ቦታ በምላጭ ካልተፋቀ ሙጫው ፕላስቲኩን አይነካም፣ ክሮሙን ብቻ ይዞ ይነቀላል። ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ሲፈለግ በረኪና ውስጥ ማሳደር በቂ ነው። መስታወቱ በሱፐር ግሉ ከተለጠፈ በነጭ ጭጋግ ይሸፈናል፤ ነጭ ኮላ ግልጽ ሆኖ ይደርቃል።

የተጋለጠው የጋቢና ጀርባ ላይ ሥራውን የሚያሳምሩት ወደ ተሳቢው የሚሄዱት ጥምዝ ቱቦዎች ናቸው። የ0.4 ሚሊሜትር ለስላሳ ሽቦ በ1.5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ላይ ተጠምጥሞ በጥቂቱ ይሳባል። በአሜሪካ መኪና አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው፤ በአውሮፓ ግን ቀይና ቢጫ። ተሳቢው የሚቆለፍበት ሰሌዳ ደብዛዛ ጥቁር ከተቀባ በኋላ መሃሉ ላይ ብቻ ትንሽ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይነካዋል፤ እውነተኛው ሰሌዳ ሁልጊዜ ግራሶ የተቀባ ነውና።