ስለ ጤና ባለሙያዎች የሥራ ዝለትና ድጋፋዊ ሱፐርቪዥን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የዛለ ሠራተኛ ደካማ ነው።»
የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ በርንአውት የሚባለው የሥራ ዝለት በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት ሰፍሯል። መነሻው መፍትሔ ሳያገኝ የተራዘመ የሥራ ጫና ሲሆን፣ መለያዎቹም የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና «ምንም አልፈየድኩም» የሚል ስሜት ናቸው። ጫናው ባለበት እያለ ሠራተኛዋን «በርቺ» ማለት ብዙ አይረዳትም።

«ሱፐርቪዥን ጉድለት ፍለጋ ነው።»
ይህን አመለካከት ማረም ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ በተግባር የሚያጸኑት ራሳቸው ሱፐርቫይዘሮቹ ናቸውና። በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን እንዲደግፍ፣ በየኬላው የሚመደቡ ሁለት ባለሙያዎችም ከ3,000 እስከ 5,000 የሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስቧል። ለሱፐርቪዥን ወደ ኬላው የመጣው ቡድን ቼክሊስቱን ሞልቶ፣ መዝገብ አገላብጦና ጉድለት ዘርዝሮ ከተመለሰ ተቆጣጠረ እንጂ አልደገፈም። ድጋፍ የሚባለው፣ ባለሙያዋ ሪፈር ጽፋላት ቤተሰቧ «አትሄድም» ያለባትን ነፍሰ ጡር ጉዳይ ያለ ፍርሃት አንስታ፣ ምን እንደተሰማትና ሌላ ጊዜ ምን ማድረግ እንደምትችል ስትመክርበት፣ ሱፐርቫይዘሩም በኬላው አቅርቦቱ የተቋረጠውን መድኃኒት ጉዳይ ይዞ ሄዶ መልስ ሲያመጣላት ነው። የአፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው ሰው ራሱ ይህን ውይይት ከመራው ግን እውነቱን የሚነግረው አያገኝም፤ ስለዚህ ሰው እስካለ ድረስ ሁለቱን ኃላፊነቶች መለየት ይሻላል።

«ነባር ባለሙያ ሱፐርቪዥን አያስፈልገውም።»
ልምድ እጅን ያፍታታል፤ በወሊድ ላይ ያለፈችን እናት ሐዘን ግን አያቀልም። ጀማሪዎችን የሚደግፈው ነባሩ መሆኑ ሲታከልበት ሸክሙ እንዲያውም ይጨምራል።

«ከባድ ነገር ሲደርስ አንዴ ሰብስቦ ማናዘዝ ይበቃል።»
አሰቃቂ ክስተት የገጠመውን ሰው በማግስቱ የሆነውን ሁሉ እንዲተርክ የሚያደርገውን የአንድ ጊዜ ስብሰባ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አይመክረውም። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ምስጢሩ የተጠበቀና ሳይቋረጥ የሚካሄድ ምክክር ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

«ጥሩ ሱፐርቪዥን ካለ ዝለት አይኖርም።»
ለወራት የዘገየን የዱቲ ክፍያም ሆነ ተተኪ ያጣን ተረኛ ምክክር አይተካም። የሱፐርቫይዘሩ ድርሻ እነዚህን ጉዳዮች በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ አስፍሮ በጀትና የሰው ኃይል ለሚወስነው አካል ማድረስ፣ መልሱንም ተከታትሎ ለሠራተኞቹ ማሳወቅ ነው።