የመደብ ትግልና የማንነት ጥያቄ፦ ሲደጋገሙ እውነት የመሰሉ ስህተቶች

የ1966ቱ አብዮት በተነሳ ቁጥር ሁለት ክስ ይሰማል። አንደኛው ወገን ሶሻሊስቶቹ ብሔር ብሔር እያሉ አገር ከፋፈሉ ይላል። ሌላው ደግሞ መደብ መደብ እያሉ የብሔረሰቦችን በደል አድበሰበሱ ይላል። ያው ትውልድ ሁለቱንም እንዴት ሊያደርግ እንደቻለ ግን ጠያቂ የለም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የድሃው አንድነት በዚህ አገር በተግባር ታይቷል፤ የታየውም የአንዱ በደል የሌላውም ጥያቄ በሆነበት ጊዜ ነው። ይህን እንዳናይ ከሚጋርዱን አባባሎች ጥቂቶቹን አንድ በአንድ ላንሳ።

«የብሔርን ጥያቄ የፈጠሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው»

ተማሪዎቹ ስም ሰጡት እንጂ አልፈጠሩትም። ከዳግማዊ ምኒልክ የደቡብ ዘመቻ በኋላ ሰፊ መሬት ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ፤ ሲሶው ለአገሬው ባላባት ቀረ ተባለ። አራሹ በአያቱ መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። እህሉ ተወቅቶ ገና ከአውድማው ሳይነሳ የባለመሬቱ ወኪል ይደርሳል። እንደ አካባቢው ሲሶ ወይም እኩሌታ ይሰፈርለታል። አሥራቱ በሕግ የባለመሬቱ ዕዳ ሆኖ ሳለ ከጭሰኛው ድርሻ ይነሳል። በዚያ ላይ አጥር ማጠር፣ እህል ማስፈጨት፣ ለዓመት በዓል ማርና ሙክት ማቅረብ አለ። ተበደልሁ ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ችሎቱ የሚካሄደው በአማርኛ ነው፤ የሲዳማ ወይም የአርሲ ገበሬ ስለ ገዛ መሬቱ በአስተርጓሚ ይከራከራል።

እንግዲህ ይህ ሰው የተበደለው በመደቡ ነው ወይስ በማንነቱ? ሁለቱን ለያይቶ የሚያሳይ ቢላዋ የለም። መሬቱን የወሰደበትና ቋንቋውን ከችሎት ያስወጣበት ሥርዓት አንድ ነው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት በአዲስ አበባ ጎዳና ሲሰማ የጭሰኛውን ሁለቱንም ቁስል የነካው ለዚህ ነው።

የአገሬው ባላባትም የዚሁ ሥርዓት ተካፋይ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ብዙ የኦሮሞ ጭሰኛ እርቦና ሲሶ ይገብር የነበረው ኦሮምኛ ለሚናገር ባላባት ነው። የቋንቋ ዝምድና ከአውድማው ላይ አንዲት ቁና አላስቀረለትም።

«የአማራ ገበሬ የሥርዓቱ ተጠቃሚ ነበር»

ከሁሉም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ዛሬም ሰው የሚያስገድል ስህተት ስለሆነ። በሰሜኑ ገበሬው ርስት ነበረው፤ ከደቡቡ ጭሰኛ ይለየው የነበረውም ይህ ነው። ይሁን እንጂ ከገበሬው ግብር የመሰብሰብ መብት ለተሰጠው ጉልተኛ ገብሯል፣ የሹሙን እርሻ አርሷል፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ መንገዶች ዳር በረሃብ ረግፏል።

ሁለት አመፆችን ጎን ለጎን እንያቸው። በባሌ በ1955 ዓ.ም. ገደማ የተነሳው አመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘልቋል። መነሻው የመሬት ግብር፣ ግብር ባልከፈለ ገበሬ መሬት ላይ የሚፈጸም ንጥቂያ፣ የሹሞች ዘረፋና የሙስሊሙ ሕዝብ መገለል ነበር። ከመሪዎቹ መካከል ስሙ የገነነው ዋቆ ጉቱ ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሳ። መሬቱ ይለካና ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ፈራ፤ መሣሪያውንም አነሳ። በባሌም በጎጃምም ቦምብ የጣለው የአንዱ መንግሥት አየር ኃይል ነው። የባሌው ኦሮሞ ሙስሊም፣ የጎጃሙ አማራ ክርስቲያን፤ ሁለቱም ያመፁት በግብርም በመሬትም፣ ሁለቱም የተመቱት ከአንድ ሰማይ።

በሁለቱ መካከል ግን ትስስር እንደነበር አይታወቅም። የጎጃሙ አመፅ ውዝፍ ግብር በመሰረዝና አገረ ገዥውን በማንሳት በረደ፤ የባሌው በጦርና በማግባባት ተዳከመ። ገበሬዎቹን የሚያገናኝ ድርጅት ያኔ አልነበረም። ለእኔ የሶሻሊስት ስልት የሚባለው ነገር ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ገበሬዎች አንዳቸው የሌላውን አመፅ እንዲሰሙ ማድረግ።

«ዋለልኝ አገሪቱ እንድትበተን ጠየቀ»

የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ካነበበው ይልቅ የሚረግመው ወይም የሚያወድሰው ይበዛል። የወሎ ልጅ፣ ራሱም አማራ ነበር። ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራን ጭምብል ማጥለቅ እንደሚያስፈልግ ገልጾ፣ ብሔረሰቦች ሁሉ በመንግሥት ጉዳይ እኩል የሚሳተፉበት፣ ቋንቋቸውንና ታሪካቸውን የሚያሳድጉበት እውነተኛ አገረ መንግሥት እንዲቆም ጠይቋል። መገንጠልን እንደ መብት ቢደግፍም፣ የጥቂት ልሂቃንን ሥልጣን ለማደላደል የሚደረገውን አልተቀበለም። ሚዛኑ ሶሻሊዝም ነበር። በዚህ ሚዛን አለመስማማት ይቻላል፤ አልጻፈውም ማለት ግን አይቻልም።

«ለአንድነት ሲባል የማንነት ጥያቄ ይቆይ»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። ታሪክ ግን አይደግፋቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1922 በደቡብ አፍሪካ ነጭ የማዕድን ሠራተኞች ታላቅ አድማ አደረጉ። የዓለም ሠራተኞች ተባብረው ለነጭ ደቡብ አፍሪካ እንዲታገሉ የሚጠራ መፈክር አንግበው ነበር። የማዕድን ባለቤቶቹ ጥቁሩን በርካሽ ቀጥረው ነጩን ሊተኩት ነው ብለው ሰጉ፤ መፍትሔው የጥቁሩን ደመወዝ ከራሳቸው ጋር ማስተካከል መሆኑ ግን አልታያቸውም። የጠቅላይ ሚኒስትር ስመትስ መንግሥት አድማውን በመድፍና በአውሮፕላን ደመሰሰው። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ የቀለም ድንበሩን አጠበቀ፤ ጥቁሩ ሠራተኛም በርካሽ መበዝበዙ ቀጠለ። ከፊሉን ሠራተኛ ደጅ ያስቀረ «አንድነት» መጨረሻው ይህ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በተለምዶ ሴሉ የሚባለው፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ታክሲ ነጂው በቤንዚን ዋጋ፣ መምህሩ የትምህርት ዘርፍ ጥናት በተባለው የመንግሥት የትምህርት ለውጥ ዕቅድ ተነስተው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። በዓሎቻቸው እንዲከበሩ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ መንግሥት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እያለ እንደ እንግዳ መቁጠሩን ትቶ ኢትዮጵያዊነታቸውን እንዲቀበል ጠየቁ። በሰልፉ ላይ መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደወጣ ይነገራል። ከእነርሱ ጋር ክርስቲያኖችም ተሰልፈዋል።

የዚያን ዕለት የወጣውን ክርስቲያን አስቡት። ለራሱ የሚያገኘው በዓል የለም፤ የደመወዝ ጭማሪም አልተጠየቀለትም። የወጣው ጎረቤቱ በገዛ አገሩ እንግዳ መባሉ የእርሱም ውርደት መሆኑ ስለገባው ነው። ጥያቄው «ይቆይ» ቢባል ኖሮ ሙስሊሙ ሠራተኛ ስለ አንድነት የሚነገረውን ሁሉ ከማታለል ለይቶ ሊያየው አይችልም ነበር። ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ሦስት የእስልምና በዓላት በአገር ደረጃ መከበር ጀመሩ።

«ኢሕአፓና መኢሶን የተጫረሱት በብሔር ነው»

አይደለም። ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) እና መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ከተማሪው እንቅስቃሴ የወጡ ሶሻሊስት ድርጅቶች ናቸው። ሁለቱም የብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ይቀበሉ ነበር፤ በሁለቱም ውስጥ ከየብሔሩ የመጡ ልጆች ነበሩ። የተለያዩት በሥልጣን ጥያቄ ነው። መኢሶን ዘውዱን ላወረደው ወታደራዊ መንግሥት፣ ለደርግ፣ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ፣ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። ከዚያ ጥይት መጣ።

«ደርግ ሠራተኛውን አደራጀው»

የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሯል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊካድም አይገባም። ሠራተኛው ግን የደረሰበት ሌላ ነው። ሴሉ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ በጠየቀ ማግሥት መሪዎቹ ታሰሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረቀት ይበትኑ የነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ተተኮሰባቸው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ተከተለ። ማኅበሩ ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. የመንግሥትን ትእዛዝ ወደ ታች የሚያወርድ ሌላ ማኅበር ተተካ። የሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑ፣ የኦሮሞው፣ የጉራጌው ሠራተኛ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የሚከራከርበት ቤት የተዘጋው በሶሻሊዝም ስም ነው። ኋላ ላይ ሰው በብሔሩ ብቻ ቢሰባሰብ ምን ይገርማል? ሌላውን መሰብሰቢያ አፍርሰውበታል።

«ዛሬ የመደብ ጥያቄ አብቅቶለታል»

ሐዋሳን ውሰዱ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ አድርሶታል። የቤት ኪራዩን የሚችሉት ተሰባስበው በአንድ ክፍል በማደር ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነስቶ ሰው ሞቷል። በአንድ መስመር የሚሰፉ፣ አንድ ዓይነት ደመወዝ የሚበሉ ልጆች አንዷ ሌላዋን እንድትፈራ ሆነ።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ለዓመታት ያለ ደመወዝ ወለል ቆይቷል። ወለሉ ቢወጣ ለሲዳማዋም ለወላይታዋም እኩል ነው። እዚህ ላይ የሚሠራ የማኅበር አደራጅ ወረቀቱን በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በአማርኛ ያዘጋጅ፤ ከደመወዙ ጥያቄ ቀጥሎም በግጭት ጊዜ ከቤቷ የሸሸች ሠራተኛ ከሥራ እንዳትባረርና ያልሠራችበት ቀን እንዳይቆረጥባት የሚጠይቅ መስመር ያስገባ። ያን መስመር የፋብሪካው ሠራተኞች ሁሉ ይፈርሙበት፣ አስቀድመውም ያልሸሹት።