ከአንድ ሸለቆ የመጣ ቸኮሌት፦ ጥቁር ቸኮሌትን ቀምሶ ስለ መለየት

ሦስት ጥቁር ቸኮሌቶች ጠረጴዛ ላይ አሉ እንበል። ሦስቱንም የሠራቸው አንድ አምራች ነው። ሦስቱም 70 በመቶ ካካዎ ናቸው። ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ግብዓት ሁለት ብቻ ነው፦ የካካዎ ፍሬና ስኳር። አንዱ አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ግን እንጆሪ እንደበሉ ምራቅ ያመጣል። ሁለተኛው አበባ አበባ ይላል። ሦስተኛው የተቆላ ለውዝ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ብዙውን ጊዜ «ምን ጨምረውበት ነው?» ብሎ ማሸጊያውን ደግሞ ያነባል። የተጨመረ ነገር የለም። ልዩነቱ የመጣው ካካዎው ከበቀለበት ቦታና እዚያው ከተሠራው ሥራ ነው።

«ሲንግል ኦሪጅን» የሚባለው ይህ ነው። ካካዎው ከየሀገሩ ተቀላቅሎ ሳይሆን ከአንድ ቦታ ብቻ የመጣ ቸኮሌት። «አንድ ቦታ» የሚለው ቃል ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። አንዱ ማሸጊያ «ኢኳዶር» ብሎ ሀገሩን በሙሉ ይጠራል። ሌላው ሸለቆውን ይጠራል። ሌላው ደግሞ እርሻውንና ምርቱ የተሰበሰበበትን ዓመት ጭምር ይጽፋል። «የኢትዮጵያ ቡና» ማለትና «ይርጋጨፌ» ማለት እንደሚለያይ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የታጠበ ይርጋጨፌ አበባና ሎሚ ሲሸት፣ በጀንፈሉ የደረቀው ሐረር ሌላ ዓለም ነው። ካካዎም እንደዚያው ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እኛ ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣዋለን። ካካዎ አብቃዩ ገበሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሬውን ሸጦ ቸኮሌቱን አይቀምስም። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። የሚበላው ግን በአብዛኛው አውሮፓና አሜሪካ ነው። የቦታው ስም ማሸጊያ ላይ ሳይታይ ብዙ ዘመን የኖረው አንድም በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ሰዉ ሲያወራ የኖረው ስለ ቤልጂየምና ስለ ስዊዘርላንድ ቸኮሌት ነው። ሁለቱም ሀገሮች ግን አንድም የካካዎ እርሻ የላቸውም። ዛፉ የሚበቅለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 20 ዲግሪ ገደማ ባለው ሞቃትና እርጥብ ቀበቶ ውስጥ ብቻ ነው።

የቦታ ስም ፊት ለፊት መውጣት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በፈረንሳይ ቯሮን ከተማ ከ1884 ጀምሮ የሚሠራው ቦና የተባለ የቤተሰብ ድርጅት ካካዎውን በየሀገሩ ለይቶ መሸጥ ያዘ። ቫልሮና ደግሞ በ1986 «ጓናኻ» የተባለውን 70 በመቶ ቸኮሌት አወጣ። እሱ የተቀላቀለ ነበር፤ ቢሆንም ጥቁር ቸኮሌት እንዲህ መራራ ሆኖ ሊወደድ እንደሚችል አሳየ። አሜሪካ ውስጥ ነገሩን ያቀጣጠሉት አንድ ወይን ጠማቂና አንድ ሐኪም ናቸው። ጆን ሻርፈንበርገርና ሮበርት ስታይንበርግ በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ፍሬውን ራሳቸው ቆልተው ራሳቸው እየፈጩ ቸኮሌት መሥራት ጀመሩ። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል። ግን አብዛኛው «ቸኮሌት ሠሪ» ያኔም አሁንም ከትልልቅ ፋብሪካዎች የተዘጋጀ ቸኮሌት ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ ቅርጽ የሚሰጥ ነው። ከ2010 ወዲህ እንደ ዳንዴላየን ያሉ ትንንሽ ሠሪዎች ነገሩን ወደ ሁለት ግብዓት አወረዱት፦ ፍሬና ስኳር፣ በቃ።

አሁን ወደ ጣዕሙ ምንጭ እንምጣ። የካካዎ ፍሬ የሚንጠለጠለው እንደ ማንጎ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አይደለም። ግንዱ ላይ ተለጥፎ ነው። ቅሉ ሲሰበር ከ20 እስከ 50 የሚሆኑ ዘሮች በነጭ፣ ጣፋጭ ሥጋ ተሸፍነው ይገኛሉ። ዘሩን እንዲሁ ቢያኝኩት ቸኮሌት ቸኮሌት አይልም። ይመርራል፤ ያልበሰለ ሙዝ እንደበሉ አፍን ጭብጥ ያደርጋል። ቸኮሌት የሚያደርገው መብላላቱ ነው።

ዘሩ ከነሥጋው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ወይም በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ገደማ ይቆያል። ጠላ ወይም ጠጅ የጠመቀ ሰው የሚሆነውን መገመት ይችላል። መጀመሪያ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ከዚያ ባክቴሪያዎች ይመጡና አልኮሉን ኮምጣጤ ያደርጉታል። ክምሩ እስከ 50 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ሙቀቱና አሲዱ ዘሩን ይገድሉታል፤ ውስጡ ያለው ፕሮቲንና ስኳር ይሰባበራል። በኋላ ሲቆላ ቸኮሌት ቸኮሌት የሚሸተው እነዚህ ስብርባሪዎች እርስ በርስ ሲዋሃዱ ነው። በደንብ ሳይብላላ የቀረ ፍሬ ቢቆርጡት ውስጡ ግራጫ ነው፤ ጣዕሙም ደረቅና መራራ ይሆናል። ከልክ በላይ የተብላላው ደግሞ የሻገተ ሥጋ ዓይነት ሽታ ያመጣል። ገበሬው ክምሩን መቼ እንዳገላበጠው ሳይቀር ሳን ፍራንሲስኮ ላለ ቀማሽ ይታወቀዋል ማለት ነው።

ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይቆላል። ገለባው ይነፈሳል። ይፈጫል። ቀጥሎ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት እየሞቀ ይታሻል። «ኮንቺንግ» የሚባለውን ይህን ሥራ ስዊዘርላንዳዊው ሮዶልፍ ሊንት በ1879 እንደፈለሰፈው ይነገራል። ሲበዛ ኮምጣጤውን አባርሮ ያለሰልሳል፤ ግን የቦታውንም ጠባይ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቸኮሌት «የማዳጋስካር ጣዕም» አለው ስንል ከፊሉ የቆላው ሰው ጣዕም ነው። ይህን የሚረሱ ቀማሾች ብዙ ናቸው።

ስለ ዝርያ ብዙ ይባላል፤ እኔ አጠር አደርገዋለሁ። የድሮው አከፋፈል ሦስት ነው፦ ክሪዮሎ፣ ፎራስቴሮና ከሁለቱ የተዳቀለው ትሪኒታሪዮ። በ2008 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ቢያንስ አሥር ቡድኖች እንዳሉ አሳይቷል። ማሸጊያ ላይ «ክሪዮሎ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ እንግዲህ በትንሹ ተጠራጠሩ። ቸኮሌቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ቃሉ ግን ከዘር ማስረጃነት ይልቅ የማዕረግ ስም ሆኗል።

ቦታዎቹን ለመተዋወቅ ከማዳጋስካር መጀመር ይሻላል፤ ማንም ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚለየው እሱ ነውና። ካካዎው የሚመጣው በሰሜን ምዕራብ፣ አምባንጃ ከተማ አጠገብ ካለው የሳምቢራኖ ሸለቆ ነው። ብዛቱ ከዓለም ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስሙ ግን በየትንሹ ሠሪ ዝርዝር ውስጥ አለ። ኮምጠጥ ይላል። እንጆሪ፣ ብርቱካን፣ አንዳንዴ ትርንጎ ያስታውሳል። መልኩም ቀላ ያለ ቡኒ ነው። ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ መራራ ነው ብሎ ለሚሸሽ ሰው የማቀርበው ይሄን ነው።

ኢኳዶር ሌላ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት በዚያች ሀገር ደቡብ ምሥራቅ፣ የአማዞን ተፋሰስ ውስጥ፣ ከ5,300 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ካካዎ ይጠቀሙ እንደነበር አሳይቷል። የዛሬዎቹ ቀማሾች የሚፈልጉት «ናሲዮናል» የተባለውን የቆየ ዝርያ ነው፤ የአበባ መዓዛው ጃስሚን ያስመስለዋል። «አሪባ» የሚል ስምም ይሰጠዋል፤ በስፓኒሽ «ላይ» ማለት ነው፣ ከጓያስ ወንዝ ከላይ በኩል የሚመጣ ለማለት። ችግሩ፣ በ1960ዎቹ እዚያው ኢኳዶር የተዳቀለ፣ ሲሲኤን 51 የተባለ ብዙ የሚያፈራና በሽታ የሚችል ዝርያ ኋላ ላይ ተስፋፋ። ገበሬው ለምን እንደወደደው ግልጽ ነው፤ ልጆቹን የሚያበላው ኪሎው ነው እንጂ ጃስሚኑ አይደለም። ስለዚህ «ኢኳዶር» የሚለው ቃል ብቻውን አበባ ቃል አይገባም።

ቬኔዝዌላ ውስጥ ቹዋኦ የምትባል መንደር አለች፤ ሰው የሚገባባት በጀልባ ነው። ካካዎዋን የምታሰጣው ቤተ ክርስቲያኗ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ አደባባይ ላይ ነው። ጣዕሙ ለስላሳ፣ ለውዝና ክሬም ዓይነት ነው ይባልለታል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ ዝናቡ ስለሚበዛ ፍሬው ብዙ ጊዜ በእሳት ሙቀት ይደርቃል፤ ጢሱ ሲገባበት ቸኮሌቱ ውስጥ ይቀራል። ለትልልቅ ገዢዎች ይሄ ጉድለት ነው። ጢስ የገባበት ጠላ ለሚወድ ሰው ግን ጣዕም ነው። የጋና ካካዎ የብዙዎቻችን የልጅነት ቸኮሌት ጣዕም ነው፤ ድፍን ያለ፣ ክብ፣ ብዙ የማያስገርም።

ለእኛ ቅርቡ ታንዛኒያ ነው። በኪሎምቤሮ ሸለቆ ኮኮዋ ካሚሊ የተባለ ድርጅት ከትንንሽ ገበሬዎች እርጥቡን ፍሬ ይገዛና አንድ ላይ ያብላላዋል፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከዚያ የሚወጣው ካካዎ ቀይ ፍራፍሬና የተቃጠለ ስኳር ያቀላቅላል። በኡጋንዳ ቡንዲቡግዮ፣ ከሩዌንዞሪ ተራራ ግርጌም ጥሩ ካካዎ ይወጣል። ቬትናም ውስጥ በ2011 የተመሠረተው ማሩ የተባለ ቸኮሌት ሠሪ ቸኮሌቶቹን በየክፍለ ሀገሩ ይለያል። ግን ቲየን ጂያንግ 70 በመቶ፣ ቤን ቼ 78 በመቶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀምሶ ስለ አፈሩ መናገር ይከብዳል፤ ስኳሩ ራሱ ተለያይቷልና።

ይህ ነጥብ ቅምሻ ላይ ወሳኙ ነው። ቦታን ማወዳደር ከፈለግን ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ አለብን። አንድ ሠሪ፣ አንድ በመቶ፣ ሁለት ግብዓት። ከሦስትና ከአራት ባር (ጥፍጥፍ ቸኮሌት) በላይ በአንድ ጊዜ አያስፈልግም፤ ምላስ ይደክማል። ሰዓቱ ረፋድ ቢሆን ይመረጣል፣ ሆድ ሳይሞላ። ከዶሮ ወጥ በኋላ የተቀመሰ ቸኮሌት ስለ በርበሬው እንጂ ስለ ማዳጋስካር ምንም አይነግርም።

ቸኮሌቱ በክፍል ሙቀት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። መጀመሪያ ይታያል። ላዩ የሚያብረቀርቅ ነው? ይሰበራል፤ ቀጭ ብሎ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ የካካዎው ቅቤ፣ ማለትም የፍሬው የራሱ ስብ፣ በልኩ ረግቷል። ስባሪው ይሸተታል። ከዚያ ትንሽ ቁራሽ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ማኘክ ክልክል ባይሆንም ትዕግሥት ይጠቅማል። የካካዎ ቅቤ በደንብ ሲረጋ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ አፍ ራሱ ሥራውን ይሠራል። ጣዕሙም በአንዴ አይመጣም። ማዳጋስካር ፊት ላይ ይጮሃል፤ ሌላው መሃል ላይ ይከፈታል፤ አንዳንዱ ከተዋጠ በኋላ ነው ራሱን የሚያሳየው። አፍንጫን ይዞ አፍ ውስጥ ከትቶ፣ ከዚያ አፍንጫን መልቀቅ ደስ የሚል ሙከራ ነው። ሲያዝ ምሬትና ጣፋጭነት ብቻ አለ፤ ሲለቀቅ ፍራፍሬው ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደርሳል።

ከአንዱ ቸኮሌት ወደ ሌላው ሲታለፍ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። የዓለም አቀፉ የቸኮሌት ሽልማት ዳኞች አፋቸውን የሚያጸዱት ጨው በሌለው ቀጭን የበቆሎ ገንፎ ነው።

ሦስት ነገሮችን መለየት መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ኮምጣጣ፣ መራራና አፍ የሚያደርቅ። ሰው ሦስቱንም «መረረኝ» ይላል። ኮምጣጣው ምራቅ ያመጣል። መራራው ከምላስ ኋላ ይቀመጣል። የሚያደርቀው ጣዕም ሳይሆን ስሜት ነው፤ ድድና ጉንጭ ላይ ይታወቃል። የቀማሾችን የጣዕም ሰንጠረዥ ማጥናት ግዴታ አይመስለኝም። በልቶት የማያውቀውን የፍራፍሬ ስም የሚያነበንብ ሰው ለማንም አይጠቅምም። ዘቢብ፣ ማር፣ ሽምብራ ቆሎ፣ ኮባ ቅጠል፣ ትናንት የተጋገረ ዳቦ… እነዚህ በቂ መዝገበ ቃላት ናቸው።

ማሸጊያ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። 70 በመቶ ማለት ከፍሬው የመጣው ሁሉ ድምር ነው፣ የተጨመረ የካካዎ ቅቤ ካለ እሱም ይቆጠራል። ጥራትን አይለካም። በጣም ጥቁር መልክም ጥንካሬ አይደለም፤ ካካዎው በአልካላይ ታጥቦ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ አሲዱንና የቦታውን ጠባይ ያደበዝዛል። ቫኒላም እንዲሁ ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ሁሉንም ባር አንድ ዓይነት ሽቶ ይቀባል።

ለሚጾም ሰው የሁለት ግብዓት ባር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወተት የለበትም። «ጥቁር» የሚለውን ብቻ አምኖ መግዛት ግን አያዋጣም። ብዙ ጥቁር ቸኮሌቶች ውስጥ የወተት ቅባት ይገባል፤ ስለዚህ ከጀርባ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ነው።

አቀማመጡ ቀላል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ። የካካዎ ቅቤ ሽታ ይስባል። በርበሬና ኮረሪማ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ያደረ ባር በሳምንቱ የትውልድ ሀገሩን ይቀይራል። ፍሪጅም አይመከርም፤ ሲወጣ እርጥበት ይይዝና ስኳሩ ላዩ ላይ ይወጣል። ሙቀት ካገኘው ደግሞ ቅቤው ወጥቶ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ያለብሰዋል። ሻጋታ የመሰለው ብዙ ሰው ይጥለዋል። አልተበላሸም፤ ለቅምሻ ግን አይሆንም። ትኩስ ወተት ውስጥ፣ የጾም ከሆነም ትኩስ ውኃ ውስጥ ቀልጦ ይጠጣል።