ሲልክ ሮድ፦ የገበያው ባለቤት ለሻጮቹ ወንጀል ሲጠየቅ

ሲልክ ሮድ ከ2011 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 2013 ድረስ (እዚ ላይ ያለው ዘመን በፈረንጅ ነው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ) ዳርክ ዌብ በሚባለው የኢንተርኔት ጓዳ ውስጥ ይሰራ የነበረ የኦንላይን ገበያ ነው። ስሙን የወሰደው ከጥንቱ የሐር መንገድ ነው፣ የሚሸጥበት ግን ሐር አልነበረም፣ ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤልኤስዲ፣ ፎርጅድ መታወቂያ፣ የሃኪንግ ሶፍትዌር ምናምን ነበር። መስራቹ ሮስ አልብሪክት የሚባል የቴክሳስ ልጅ ሲሆን በዋናነት ሌሎች ሰዎች ለሸጡት ነገር፣ ቦታውን ከፍቶ ስላስተዳደረ፣ ሁለት ጊዜ ዕድሜ ልክ እና ተጨማሪ 40 ዓመት ያለ አመክሮ ተፈርዶበት ነበር። የኦንላይን ገበያ ባለቤት ተጠቃሚው ለሰራው ወንጀል ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ይሄ ኬዝ ቀድሞ የሚመጣው ለዛ ነው።

አሰራሩ በሶስት ነገር ላይ የቆመ ነበር። አንደኛ ቶር፣ ሰው ከየት ሆኖ እንደገባ የሚደብቅ ኔትወርክ ነው፣ ሳይቱ ራሱ የት እንዳለ ማወቅም በሱ ምክንያት ከባድ ነበር። ሁለተኛ ቢትኮይን፣ ያኔ ገና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ባንክ ሳይነካው ከሰው ሰው የሚሄድ ገንዘብ። ሶስተኛው እና እኔ ዋናው የምለው ደግሞ መሃል ላይ የሚቀመጠው ብር ነው፣ ማለትም ገዢው ሲከፍል ብሩ ቀጥታ ሻጩ ጋር አይሄድም፣ ሳይቱ ይይዘዋል፣ እቃው ደረሰኝ ሲባል ነው የሚለቀቀው፣ ከዛ ላይ ሳይቱ የራሱን ይቆርጣል፣ የክስ ማመልከቻው ከ8 እስከ 15 በመቶ ይላል። ገዢዎች ደግሞ እንደማንኛውም ሱቅ ለሻጩ ኮከብ ይሰጣሉ፣ አስተያየት ይጽፋሉ፣ "ቶሎ ደረሰ፣ አስተሻሸጉ አሪፍ ነው" ይላሉ። እቃውን የሚያደርሰው ደግሞ ያው ፖስታ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከሆነ የመንግስት ፖስታ ቤት። እዚ ጋ ሁሌ ቆም እላለሁ፣ ኮኬይኑን በእጁ ይዞ በር ድረስ ያመጣው የመንግስት ሰራተኛ ነው ግን ማንም ፖስተኛውን ይከሰስ አላለም፣ ምክንያቱም ምን እንደያዘ አያውቅም። ክርክሩ በሙሉ የሚዞረው እዚች ማወቅ የምትባል ነገር ዙሪያ ነው።

አልብሪክት ሳይቱን ሲጀምር ገበያው ባዶ እንዳይሆን ራሱ ያበቀለውን የሚያሰክር እንጉዳይ ነበር የሸጠው፣ ይሄ ከላፕቶፑ በተገኘው የግል ማስታወሻው ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ፊዚክስ የተማረ፣ በማቴሪያል ሳይንስ ማስተርስ የሰራ ሰው ነው፣ የሚያምንበት ነገርም ነበረው፣ መንግስት በሁለት ፈቃደኛ ሰዎች ግብይት ውስጥ አይግባ የሚል። ጁን 2011 ላይ ጋውከር የሚባለው ድረገጽ ስለ ገበያው ጻፈ፣ በዛው ሰሞን ሴናተር ቻክ ሹመር ይዘጋ ብሎ በአደባባይ ጠየቀ፣ ውጤቱ ግን ያው እንደሚጠበቀው ነው፣ ያልሰማው ሰው ሁሉ ሰምቶ ገባ። ኤፍቢአይ በኋላ ባቀረበው ወረቀት ላይ የተመዘገበው አካውንት 957 ሺህ ይደርሳል፣ ሴፕቴምበር 2013 ላይ የተዘረዘረው አደንዛዥ ዕፅ ብቻ ወደ 13 ሺህ።

ገበያው ህግ ነበረው። የህጻናት ወሲባዊ ምስል አይሸጥም፣ የተሰረቀ ክሬዲት ካርድ አይሸጥም፣ ሰው ማስገደል አይሸጥም፣ ባጭሩ ሌላውን የሚጎዳ ወይም የሚያጭበረብር ነገር ክልክል ነው ይል ነበር። ደጋፊዎቹ ይሄን የሚያነሱት ሰውየው መርህ ነበረው ለማለት ነው። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው፣ ይሄ ይሸጥ ይሄ አይሸጥ ብሎ የሚወስን፣ አድሚን ቀጥሮ ደሞዝ የሚከፍል፣ ገዢና ሻጭ ሲጣሉ የሚዳኝ ሰው ነገ ተነስቶ "እኔ ግድግዳውን ብቻ ነው ያቆምኩት" ሊል አይችልም። የኛ ሰው ይሄን በደንብ ያውቃል፣ መኪና ሲያሻሽጥ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የበላ ደላላ ሊብሬው ፎርጅድ ሆኖ ሲገኝ አላውቅም ቢል ማን ይሰማዋል፣ የተሰረቀ መኪና ብቻ የሚያሻሽጥ ደላላ ሲሆንማ ጭራሽ።

የተያዘበት መንገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ያን ሁሉ ቶር እና ኢንክሪፕሽን የሰበረው ጎግል ነበር ማለት ይቻላል። ጋሪ አልፎርድ የሚባል የአሜሪካ ግብር መስሪያ ቤት መርማሪ ስለ ሳይቱ ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የተጻፈውን ሲፈልግ 2011 መጀመሪያ ላይ "አልቶይድ" በሚል ስም የተለጠፈ ማስታወቂያ አገኘ፣ ያው ስም ከወራት በኋላ ፕሮግራመር ልቅጠር ብሎ ሲለጥፍ ያስቀመጠው የጂሜይል አድራሻ የአልብሪክት ሙሉ ስም ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሳንፍራንሲስኮ ግሌን ፓርክ ቤተመጻህፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ሁለት ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ከኋላው የተጣሉ መስለው ጮሁ፣ ዞር ሲል ሌላው ላፕቶፑን ክፍቱን እንዳለ ነጠቀው። አድሚን ሆኖ ሎግ ኢን እንዳረገ ነው የተገኘው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ቢትኮይን ወደ 144 ሺህ ይሆናል።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠበቆቹ መጀመሪያ ያነሱት በትክክል ይሄን ጥያቄ ነው፣ ደንበኛችን እንደ አከራይ ነው፣ ተከራዩ ቤት ውስጥ ለሰራው ወንጀል አከራይ የዕፅ አዘዋዋሪ ግብረ አበር አይባልም አሉ። ዳኛ ካትሪን ፎረስት በጁላይ 2014 ውድቅ አረገችው፣ ምክንያቷ ሲጨመቅ ይሄ ሰው የተከሰሰው ሌሎች ህገወጥ ነገር የሸጡበት ገበያ ስላለው ሳይሆን ገበያውን ከመሰረቱ ለህገወጥ ሽያጭ አቅዶ ሰርቶታል፣ ከሽያጩም ድርሻ ይወስዳል በሚል ነው የሚል ነበር። እውነት ለመናገር የአከራዩ ምሳሌም ቢሆን ብዙ አያስኬድም ነበር፣ አሜሪካ ከ1986 ጀምሮ ቤቱን እያወቀ ለዕፅ መሸጫና መጠቀሚያ የሚሰጥን ሰው ራሱን የሚቀጣ ህግ አላት።

ችሎቱ ጃንዋሪ 2015 ተጀመረ፣ ጠበቃው ሳይቱን የፈጠረው ደንበኛዬ ነው ግን ቶሎ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ነበር የሚል መከራከሪያ ይዞ ቀረበ፣ ባለቤቱ ሳይቱ ላይ ይጠቀምበት የነበረው "ድሬድ ፓይሬት ሮበርትስ" የሚባለው ስም ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ነው እያለ። ጁሪው (ፍርዱን የሚሰጡት ተራ ዜጎች) ፌብሩዋሪ 4 ቀን ከአራት ሰዓት ያነሰ ተማክሮ በሰባቱም ክስ ጥፋተኛ አለው። ከሰባቱ አንዱ በተለምዶ የማፊያና የካርቴል አለቆች የሚከሰሱበት አንቀጽ ነው፣ ዝቅተኛ ቅጣቱ 20 ዓመት። አቃቤ ህግ ከዛ በጣም የበለጠ ይሰጠው አለ፣ ከሳይቱ በተገዛ ዕፅ ጋር የተያያዙ ናቸው ያላቸውን ስድስት ሞቶችም አቀረበ፣ የሟቾቹ ወላጆች መጥተው ተናገሩ። አልብሪክት ደግሞ ጎልማሳነቴን ውሰጂ እርጅናዬን ግን ተይልኝ የሚል ደብዳቤ ለዳኛዋ ጻፈ። ሜይ 29 ቀን ዕድሜ ልክ ተፈረደ፣ 31 ዓመቱ ነበር፣ ወደ 184 ሚሊዮን ዶላር እንዲወረስበትም ተወሰነ፣ ይሄ እሱ ያገኘው ትርፍ ሳይሆን በሳይቱ የተሸጠው ዕፅና መታወቂያ ጠቅላላ ዋጋ ነው፣ የሻጮቹ ሁሉ ሂሳብ እሱ ላይ ተደመረ ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው በ2017 ሲያጸናው እኛ ብንሆን ይሄን ያህል ላንፈርድ እንችል ነበር ግን ዳኛዋ ከስልጣኗ አልወጣችም የሚል ነገር ብሏል።

መቀጣቱ ተገቢ ነው ብዬም ቅጣቱ ላይ ግን እኔም አልስማማም፣ ምክንያቱም አብሮ መታየት ያለበት ሌሎቹ ያገኙት ነው። ከሳይቱ ትልልቅ ሻጮች አንዱ የነበረው፣ ዕፁን በእጁ እያሸገ የላከው የኔዘርላንድ ሰው ቺካጎ ላይ 10 ዓመት ነው የተፈረደበት። የአልብሪክት ዋና አማካሪ የነበረው ሮጀር ክላርክ ታይላንድ ተይዞ ቆይቶ በ2023 20 ዓመት። ገበያው በተዘጋ በወሩ ሲልክ ሮድ 2 ተከፈተ፣ እሱን ካቋቋሙት አንዱ እንግሊዛዊው ቶማስ ዋይት በ2019 አምስት ዓመት ከአራት ወር። እንደዚ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዕድሜ ልኩ ለአንድ ሰው ጥፋት የተሰጠ አይመስልም፣ ሌላውን ለማስፈራሪያ ይመስላል፣ ዳኛዋም ይሄን አልደበቀችም። አልብሪክት ሰው ሊያስገድል ከፍሎ ነበር የሚል ውንጀላም ነበረበት፣ የሞተ ሰው አልተገኘም፣ ኒውዮርክ ላይ እንደ ክስ አልቀረበም፣ ሜሪላንድ ላይ የነበረው ክስም በ2018 ተነሳ፣ ቅጣቱ ሲመዘን ግን ሚዛኑ ላይ ነበር። በዛ ላይ ምርመራው ውስጥ ከነበሩት ሁለት የፌደራል ወኪሎች፣ አንዱ የጸረ ዕፅ አንዱ የሲክሬት ሰርቪስ፣ ከዛው ከሚመረምሩት ጉዳይ ቢትኮይን ሲሰርቁ ተይዘው ራሳቸው ታስረዋል።

ህጋዊ ነጋዴ የሆኑት ሳይቶች ጉዳይ ሌላ ነው፣ እዛ ጋ መልሱ ከሀገር ሀገር ይለያያል። የ2008 ክረምትን ማየት ይበቃል፣ ጁን 30 ቀን ፓሪስ ያለ የንግድ ፍርድ ቤት ኢቤይ ላይ ለተሸጡ ፎርጅድ ቦርሳዎችና ሽቶዎች ኢቤይ ለሉዊ ቪቶን ባለቤቶች ወደ 39 ሚሊዮን ዩሮ ይክፈል አለ (በይግባኝ በጣም ተቀንሷል)፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ላይ ቲፋኒ ያቀረበውን ተመሳሳይ ክስ ኢቤይ አሸነፈ፣ በጥቅሉ ፎርጅድ እንዳለ ማወቅ አይበቃም፣ ይሄኛው እቃ ፎርጅድ ነው ተብሎ ተነግሮት ዝም ካለ ነው የሚጠየቀው ተብሎ። ሕንድ ደግሞ ዲሴምበር 2004 ላይ ባዚ የሚባለውን ሳይት ኃላፊ አቭኒሽ ባጃጅን አንድ ተማሪ ሳይቱ ላይ ለሽያጭ ባወጣው የወሲብ ቪዲዮ ምክንያት አስራዋለች፣ ሰውየው ቪዲዮውን አይቶት እንኳ አያውቅም፣ ነገሩ ብዙ ጫጫታ ፈጥሮ በኋላ ህጉ ለመድረኮች ከለላ እንዲሰጥ ተሻሻለ። ለኔ ባጃጅ እና አልብሪክት የመስመሩ ሁለት ጫፎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሚወራለት ክፍል 230 የሚባለው የ1996 ህግ መድረኮችን ተጠቃሚ በጻፈው እንዳይጠየቁ ይከላከላል፣ ግን የፌደራል ወንጀል ህግን አይነካም፣ ስለዚ በፌደራል የዕፅ ወንጀል ክስ ላይ ማንንም አያድንም። አውሮፓ ደግሞ ወደ ሳይቶቹ ኪስ ሄዷል፣ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ ስራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ህግ ነጋዴው ማን እንደሆነ አረጋግጡ ይላል፣ ያልሰማ ትልቅ ሳይት እስከ 6 በመቶ የዓለም አቀፍ ገቢውን ሊቀጣ ይችላል።

እኛ ጋር ያለው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ በኛ አቆጣጠር 2008 የወጣው፣ አንቀጽ 16 ላይ አገልግሎት ሰጪው ሌላ ሰው ባሰራጨው ህገወጥ ነገር የሚጠየቀው በቀጥታ ከተሳተፈ፣ ወይም አውቆ ካላነሳ፣ ወይም የሚመለከተው አካል ነግሮት ዝም ካለ ነው ይላል። አነጋገሩ ጥሩ ነው፣ ግን የሚመለከተው የህጻናት ወሲባዊ ምስልን፣ ዛቻና ስም ማጥፋትን፣ የህዝብ ደህንነትን የሚነካ ቅስቀሳን ነው፣ ስለ ሽያጭ አይደለም። ቴሌግራም ቻናል ላይ የተሰረቀ ስልክ ወይ ፎርጅድ ዲግሪ ሲሸጥ አድሚኑ "እኔ ፖስት ማረግ ብቻ ነው ስራዬ" ካለ ወደ መደበኛው የወንጀል ህግ ነው የሚኬደው፣ እዛም ማወቁ እና ማሰቡ መረጋገጥ አለበት።

ገበያውን መዝጋት ንግዱን አልዘጋውም። አልፋቤይ መጣ፣ ከሲልክ ሮድ በጣም የገዘፈ፣ ጁላይ 2017 ላይ ሲዘጋ ሰዉ ሀንሳ ወደሚባለው ሸሸ፣ ለካ ሀንሳን የኔዘርላንድ ፖሊስ በድብቅ ተረክቦ እንደ ባለቤት ለአንድ ወር ያህል ሲያስተዳድረው ነበር፣ እየተገበያየ የሻጩንም የገዢውንም አድራሻ ለቀመ። አልብሪክት ደግሞ ከ11 ዓመት በላይ ታስሮ ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ ሙሉ ይቅርታ አርገውለት ወጣ፣ እንደሚያስፈቱት ቃል የገቡት በሜይ 2024 ሊበርታሪያኖች (መንግስት በሰው ጉዳይ ብዙ አይግባ የሚሉ ፖለቲከኞች) ጉባኤ ላይ ድምጻቸውን ሲፈልጉ ነው፣ ስለዚ ይቅርታው ለህግ ጥያቄው መልስ አልሆነም፣ የ2017ቱ የይግባኝ ውሳኔ ዛሬም እንዳለ ነው። በ2021 ደግሞ ጆርጂያ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ከ50 ሺህ በላይ ቢትኮይን ተገኘ፣ የፖፕኮርን ቆርቆሮ ውስጥ በተደበቀ ትንሽ ኮምፒውተር ጭምር፣ በ2012 የሳይቱን የገንዘብ ማውጫ ስህተት ተጠቅሞ ከራሱ ከሲልክ ሮድ የሰረቀው ነው፣ በተያዘበት ጊዜ ዋጋው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የተፈረደበት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው።