የቬርሞንት ሕጎች፦ ከላም ግጦሽ እስከ ኩሽና ትራፊ

ቬርሞንት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ትንሽ ስቴት ናት። ሕዝቧ 650 ሺህ ገደማ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ሲነሳ ግን ስሟ ቶሎ ይጠራል። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ ከላም ነው።

በ1953 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስቴቷ ምክር ቤት አንዴ ተጠጥቶ በሚጣል ጠርሙስ ቢራ መሸጥን ከለከለ። መንገደኛ ከመኪና መስኮት የሚወረውረው ጠርሙስ ሣሩ ውስጥ ይሰበርና ስባሪው ከብት ይጎዳል። ምክር ቤቱ ውስጥ ያኔ ገበሬ ብዙ ነበር። ሕጉ ከአራት ዓመት በኋላ ሳይታደስ ቀረ። በ1972 ግን ሐሳቡ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ፤ የጠርሙስና የጣሳ ማስያዣ ሆነ። ሀገር ቤት ቢራ ሲገዛ ጠርሙስ አስይዞ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ለቢራና ለለስላሳ የሚያዘው ያኔም 5 ሳንቲም፣ ዛሬም 5 ሳንቲም ነው። የኑሮ ውድነት ያልነካው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በ2023 ምክር ቤቱ የታሸገ ውሃንና ሌሎች መጠጦችን ሊጨምር ሞክሮ ገዥው ፊል ስኮት ውድቅ አድርገውታል።

መሬትን የሚመለከተው ዋናው ሕግ በ1970 የወጣው ሕግ ቁጥር 250 ነው። አውራ ጎዳናው ሲደርስ የበረዶ መንሸራተቻና የመዝናኛ ቤት የሚሠሩ ባለሀብቶች ተራራውን ወረሩት። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ግንባታ የሚጀምር ሰው ውሃን፣ አፈርንና የእርሻ መሬትን ጨምሮ በ10 መስፈርቶች ይመዘናል። ተቺዎቹ ግን ሕጉ ቤት መሥራትን አስወድዷል ይላሉ፤ በ2024 የተሻሻለውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ለገበሬው የሚቀርበው በ1978 የመጣው የግብር ሥርዓት ይመስለኛል። መሬቱ ሪዞርት ቢሠራበት በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን በእርሻነቱ ወይም በደንነቱ ተገምቶ ግብር ይከፈልበታል። ይህ ባይኖር ስንቱ ማሳ ተሸጦ ነበር።

በጣም የሚወራለት ግን በ2012 የወጣው ሕግ ቁጥር 148 ነው። በስቴቷ የሚሠራው የቆሻሻ መቅበሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ኮቨንትሪ ላይ። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄደውን መቀነስ ግድ ነበር። ሕጉ በአንድ ቀን አልተጫነም። መጀመሪያ በ2014 በዓመት ከ104 ቶን በላይ የምግብ ትራፊ የሚያወጡት በሕጉ ሥር ገቡ። ቀጥሎ መጠኑ እየወረደ መጥቶ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ማንኛውም ቤተሰብ የምግብ ትራፊ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ተከለከለ። ጓሮው ውስጥ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) የሚሠራ ሰው ግን ሥጋና አጥንት ቆሻሻ ውስጥ ቢጥል ይፈቀድለታል፤ ድብ ወይም አይጥ እንዳይጠራበት ነው። ትራፊውም ተራ አለው፦ መጀመሪያ እንዳይተርፍ ማድረግ፣ የሚበላው ለተቸገረ ሰው፣ ቀጥሎ ለእንስሳ፣ በመጨረሻ ለኮምፖስት ወይም ለባዮጋዝ። ፌስታልም በዚያው ሐምሌ ከመደብሮች ወጣ። የወረቀት ከረጢት የሚፈልግ ቢያንስ 10 ሳንቲም ይከፍላል።

አሁን አስቸጋሪው ጉዳይ እርሻው ራሱ ነው። ከወተት እርሻዎች የሚታጠበው ፍግ ሻምፕሌይን ሐይቅ ውስጥ ፎስፈረስ (ተክል የሚያሳድግ ንጥረ ነገር) ያስገባል፤ በበጋ ውሃው አልጌ የሚባል አረንጓዴ ሽፋን ያበቅልና መዋኛዎች ይዘጋሉ። በ2015 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ ያስከተላቸው ደንቦች ገበሬው ከወንዝ ዳር 25 ጫማ ሣር እንዲተው ያዛሉ። ከታኅሣሥ 15 እስከ ሚያዝያ 1 ደግሞ ፍግ ማሳ ላይ መበተን ክልክል ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ይዞት ይወርዳልና። ወተት እየረከሰ ወጪው እየናረ ላለ ትንሽ ገበሬ ይህ ቀላል ጫና አይደለም። ቁጥጥሩም ለግብርናና ለተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቶች ተከፍሏል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2024 ክፍፍሉ ትልልቅ እርሻዎችን ለመቆጣጠር እንዳልበጀ ጽፎ ስቴቷ እንድታስተካክል ጠይቋል።