ከላይ የታየ ክብ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም፦ ስለ ክብ ጉድባዎችና ስለ አየር ፎቶግራፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ካርታና የአየር ፎቶግራፍ ማንበብ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስልካቸውን ዘርግተው የሳተላይት ምስል እያሳዩ «ይህ ክብ ነገር የጥንት ሰዎች ሥራ ይሆን?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ጥያቄውን እወደዋለሁ። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ከጠበቀው የተለየ ስለሚሆን፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን የተሳሳቱ ሐሳቦች እዚህ ላንሳ። ጥንታዊ ቦታን ከአየር ምስል የመፈለግ ዘዴ በብዛት የዳበረው በአውሮፓ ሜዳዎች ላይ ነውና ምሳሌዎቼም ወደዚያ ያደላሉ።

ክብ ጉድባ የምንለው ቀለበት መሰል ቦይ ነው፤ ፈላጊዎች የሚጓጉለት በቅድመ ታሪክ ዘመን የተቆፈረው ነው። በእንግሊዝ ምድር በነሐስ ዘመን ሰዎች ሙታናቸውን ቀብረው ዙሪያውን ይቆፍሩ፣ የወጣውንም አፈር መሐል ላይ ይከምሩ ነበር። ሰፊ ቦታን በጉድባና በእንጨት አጥር ሲከልሉ ደግሞ ቅጥር እንለዋለን። ጉብታው በማረሻ ተደምስሶ፣ ጉድባውም በአፈር ተሞልቶ፣ ዛሬ ሜዳው ላይ ለቆመ ሰው ምንም የሚታይ ነገር የለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ፎቶግራፉ የሚያሳየው ጉድባውን ነው

ጉድባው አይታይም። የሚታየው በላዩ የበቀለው ሰብል ነው።

አክስቴ የምትኖረው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከጓሮዋ ዝቅ ብሎ ድሮ ክብ የከብት በረት ነበር፤ ከተነሣ ስምንት ዓመት አልፎታል፣ አሁን በቆሎ ይዘራበታል። ሐምሌ ላይ ማሳው ሁሉ እኩል አረንጓዴ ነው። ጥቅምት ሲገባና ዝናቡ ሲቀንስ ግን የማሳው በቆሎ ቢጫ እየሆነ ሲደርቅ፣ በረቱ የነበረበት ቦታ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ አገዳው ከሌላው በአንድ ክንድ የረዘመ ሆኖ ይቆያል። ጫፉ ላይ ቆሜ ሳየው አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ላሞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ነገሩን የማስረዳው በእርሷ ማሳ ነው።

በጉድባውም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። የተሞላው አፈር ከዙሪያው ይልቅ ልስልስና ጥልቅ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል። ሥሩ እዚያ የደረሰ ስንዴ ወይም ገብስ ይረዝማል፣ ዘግይቶም ይበስላል፤ አንዳንዴ ጤፋችን እንደሚጋሽበው ይጋሽባል። ከታች የድንጋይ ግንብ ካለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥሩ መውረጃ ያጣል፣ ሰብሉ ይቀጭጫል፣ ቀድሞም ይደርቃል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ጉድባን፣ ነጣ ያለ መስመር ግንብን ሊጠቁም ይችላል። ሊጠቁም እንጂ ሊያረጋግጥ አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ምርጡ ጊዜ ምድር የለመለመችበት ክረምት ነው

ተቃራኒው እውነት ነው። ውኃ ለሁሉም ሲዳረስ በጉድባው ላይ ያለውና ከጉድባው ውጭ ያለው ሰብል አይለያዩም፤ ልዩነቱን የሚያወጣው ጥማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ የነበረው ድርቅ ለገበሬ መከራ፣ ለአየር ፎቶግራፍ ባለሙያዎች ግን ያልተለመደ ምርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የበጋ ድርቅ ደግሞ በአየርላንድ፣ በቦይን ሸለቆ፣ ከኒውግሬንጅ መቃብር አጠገብ ድሮን ያበረሩ ሰዎች ቀድሞ የማይታወቅ ግዙፍ ክብ ቅጥር በሰብሉ ላይ ተስሎ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2013 በስቶንሄንጅ፣ በእንግሊዝ ባለው የጥንት ግዙፍ ድንጋዮች ክብ፣ የሆነው ከሁሉ ይገርመኛል፦ የውኃ ማጠጫው ጎማ አጥሮ ከሣሩ ከፊሉ ሳይጠጣ በመቅረቱ፣ በደረቀው ሣር ላይ ድንጋዮች ቆመውባቸው ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች ብቅ አሉ።

እኛ ጋ ነገሩ ይከብዳል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ቀዩ አፈራችን ጥልቅና ሸክላማ ስለሆነ ውኃውን ቶሎ አይለቅም። በእንግሊዝ ኖራማ ወይም ጠጠራማ መሬት ላይ በጉልህ የሚወጣው ምልክት እዚህ ደብዝዞ ሊያልፍ ይችላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ፍጹም ክብ ከሆነ የቅድመ ታሪክ ነው

በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አንድ ተማሪዬ ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል ካለ ተዳፋት የሳተላይት ምስል አመጣልን። መሐሉ ገርጣ ያለ፣ ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ቀለበት የከበበው፣ ስፋቱ አሥር ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነበር። መጽሐፍ ላይ እንደምናየው ክብ ጉድባ ቁርጥ ነው፤ እኔም ልቤ መታ። ቦታው ድረስ ሄድን። የመሬቱ ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ በከዘራቸው መሐሉን ሲመቱት መሬቱ እንደ ወለል ጠነከረ። «አባቴ፣ ይህ ምን ነበር?» አልናቸው። «አውድማ ነዋ! ጤፍ የምንወቃበት። በእበት ስንለቀልቀው፣ በሬ ስናበራይበት የኖርንበት» አሉን። መሐሉ በሰኮና ተደልድሎ ሣር እምቢ ብሎታል። ዳር ዳሩን ደግሞ እብቁና ገለባው ለዓመታት ተከምሮ ስለበሰበሰ ሣሩ ፋፍቷል። ያየነው ቀለበት የብስባሽ ቀለበት እንጂ ጉድባ አልነበረም።

አውድማ ብቻውን አይደለም። ካስማ ላይ የታሰረች ላም በገመዷ ልክ ግጣ ትክክለኛ ክብ ትሠራለች። የፈረሰ ኩይሳ ሣሩን በክብ ይለውጠዋል። ጣራው ከተነሣ ጎጆ ዙሪያ የሚቀረው የጎርፍ ቦይ፣ ከነመግቢያው፣ እውነተኛ ክብ ጉድባ ነው፤ ዕድሜው ግን ሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል። የከሰል ማክሰያ ቦታም ጥቁር ክብ ይተዋል።

አውሮፓውያንም ከዚህ አላመለጡም። የድሮ የነፋስ ወፍጮ የቆመበት ጉብታ ዙሪያውን በጉድባ የተከበበ ነው፤ መሐሉ ላይ የወፍጮው እግር ያረፈበት መስቀል ቅርጽ ካልታየ ከመቃብር መለየት ያስቸግራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ለመፈለጊያ የተተከሉ መብራቶች ዙሪያም ክብ ጉድባ ይቆፈር ነበር። ሣር ላይ የሚወጣ እንጉዳይም ራሱ ቀለበት ይሠራል። በአየርላንድ ደግሞ ከ40,000 በላይ ክብ ቅጥሮች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ሺህ ዓመት የተሠሩ የገበሬ መኖሪያዎች ናቸው እንጂ የቅድመ ታሪክ አይደሉም።

ታዲያ በምን እንለያለን? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ምልክቱ በስንት ዓመት ምስል ላይ ይታያል የሚለውን ነው። የላሚቱ ክብ በወር ይጠፋል። በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ሰብል ላይ እዚያው ቦታ የሚደጋገም ምልክት ሥሩ መሬት ውስጥ ነው። ቀጥሎ የቀለበቱን ወርድ አያለሁ፤ ጉድባ ከሆነ ዙሪያውን በሙሉ ተመሳሳይ ወርድና ጥርት ያለ ጠርዝ ይኖረዋል፣ ብስባሽና እንጉዳይ ግን ይደበዝዛሉ። ሦስተኛው መግቢያ አለው ወይ፣ መሐሉስ ላይ እንደ መቃብር ያለ ጥቁር ነጥብ አለ ወይ የሚለው ነው። መጨረሻ ላይ የእርሻው ድንበር ክቡን ቆርጦት ያልፋል ወይስ ይዞርለታል? ድንበሩ ሳያውቀው በላዩ ካለፈ ክቡ ከድንበሩ መቅደሙን ይጠቁማል። አውድማው ከእነዚህ ፈተናዎች ሁለቱን ማለፉን ግን አልዘነጋም፤ ለዚህ ነው በእግር መሄድ የሚያስፈልገው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ባለሙያ ምስሉን አይቶ ዕድሜውን ይናገራል

ምስል ቅርጽ ይሰጣል፤ ዕድሜ የሚገኘው ከአፈሩ ነው። በጀርመን ጎሴክ በተባለ ቦታ 75 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ እ.ኤ.አ. በ1991 ከአውሮፕላን ታየ። ከ7,000 ዓመት በፊት ወደሚጠጋ ጊዜ የሚመለስ መሆኑ በእርግጠኝነት የታወቀው ግን ከተቆፈረና የሸክላ ስብርባሪው ከተጠና በኋላ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 ጊልበርት ኢንሳል የተባለ የአየር ኃይል መኮንን ከስቶንሄንጅ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ሁሉ ተራ የፈረሰ የመቃብር ጉብታ ነው ብሎ በሚያልፈው ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ ያለው ክብ አየ። በዓመቱ ስንዴ ሲበቅልበት ደግሞ ፎቶግራፍ አነሣው። ሲቆፈር ነጥቦቹ ግዙፍ ግንዶች የቆሙባቸው ጉድጓዶች ሆነው ተገኙ፤ ዛሬ ቦታው ዉድሄንጅ ይባላል። ዓይኑ ድንቅ ነበር፤ ቢሆንም ቁፋሮው ባይከተል ነጥቦቹ ነጥብ ሆነው ይቀሩ ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ጉብታና ጉድጓድ በምስል ላይ በቀላሉ ይለያሉ

ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ነው የሚያነበው። ጥላው ወደ ምስሉ ላይኛው ጠርዝ ከወደቀ ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ መስሎ ይታያል። መድኃኒቱ ምስሉን ጥላው ወደ እናንተ እስኪወድቅ ድረስ ማዞር ነው። በጅማ ሌላም ችግር አለ፦ ሚያዝያ መባቻና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ስለምትሆን ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም። ዝቅተኛ ጉብታን የሚያወጣው የማለዳ ወይም የማምሻ ብርሃን ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ማንኛውም የሳተላይት ምስል ይበቃል

በነጻ ከሚገኙት መካከል ላንድሳት በተባሉት ሳተላይቶች ምስል አንዷ ነጥብ (ፒክስል) በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድባ እርሷ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል። ሴንቲኔል 2 በተባሉት ሳተላይቶች ምስል ደግሞ ክቡ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ነጥብ ብቻ ይሆናል። ወርዱ ሁለት ሜትር የሆነ ጉድባ ለማየት ከአንድ ሜትር ያነሰ ዝርዝር የሚያሳይ ምስል ያስፈልጋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ጅማ ላይ ስላልታየ የለም

በቡና ጥላ ዛፍ የተሸፈነ መሬት ለካሜራ ዝግ ነው። በቅጠሎች መሐል ሾልኮ መሬቱን የሚለካው የላይዳር ጨረር እንዲህ ባለው ቦታ ይረዳል፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም። በእጃችን ያለ ሌላ ሀብት የድሮ ፎቶግራፍ ነው። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ በአገራችን ላይ ከ30,000 በላይ የአየር ፎቶግራፎች አንሥተዋል። ዛሬ ቤትና መንገድ የዋጠው መሬት ያኔ ገና ክፍት በነበረባቸው ቦታዎች፣ እነዚህ ምስሎች ምትክ የላቸውም።

ደግሞም ጉድባ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የጊቤ መንግሥታት ድንበራቸውን በጉድባና በአጥር ይከልሉ፣ መግቢያውንም በኬላ ይጠብቁ ነበር። እነዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ እንጂ ቅድመ ታሪክ አይደሉም። ምስል ላይ ረጅም ጉድባ አይቶ «የድንጋይ ዘመን» ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ቅርብ ታሪክ ነው፤ በራሱም መመዝገብ ይገባዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ለማረጋገጥ ትንሽ ቆፈር ማድረግ አይጎዳም

ይጎዳል። ዕድሜን የሚናገረው የአፈሩ ድርብርብ ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ ማንም አይመልሰውም። በሕግም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ማድረግ የሚቻለው የቦታውን መጋጠሚያ ነጥብ፣ ምስሉ የተነሣበትን ቀን፣ የነበረውን ሰብል መመዝገብና በአካባቢው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው። ሽማግሌ መጠየቅም ከመዝገቡ መቅረት የለበትም።

የአውድማው ባለቤት እኛን ሲሸኙ ቆም ብለው «ጉድባ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከላይ በቡናው ውስጥ አለ» አሉን። ተከትለናቸው ወጣን። ቅጠል የሞላው፣ ሰው እስከ ወገቡ የሚያስገባ፣ ከቡና እግር ወደ ቡና እግር ጎበጥ እያለ የሚሄድ ቦይ ነበር። «አያቴ ከአባ ጅፋር በፊት ነበረ ይሉ ነበር» አሉ። ተማሪዬ በስልኩ ምስሉን አጎላው፤ በቦታው ላይ አንድ ወጥ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው። ስልሳ እርምጃ ያህል ተከተልነው፣ ከዚያ ሐረጉ ዘጋን። ጥር ላይ ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ ልንመለስ ተቀጣጥረናል።